ከታሪኩ በፊት ሚዛኑ፦ በሐረርና በድሬዳዋ የድሮ የብር ሳንቲም እንዴት ይሰበሰባል፣ እንዴትስ ይገመታል?

በሐረር ጁጎል ውስጥ ባሉት የጌጣጌጥ ሱቆችም ሆነ በድሬዳዋ መጋላ የድሮ ሳንቲም ፈልጎ ለሚገባ ሰው ከሳንቲሙ ቀድሞ የሚቀርብለት ታሪክ ነው። «የቅድመ አያቴ ነው፤ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ ከራስ መኰንን ቤት የወጣ ነው» ይባላል። ታሪኩ እውነት ሊሆን ይችላል። ራስ መኰንን ሐረርን ለሃያ ዓመት ያህል ያስተዳደሩ ሰው ናቸውና ከቤታቸው ብር አልወጣም ማለት አይቻልም። ቢሆንም ሳንቲሙ ሚዛን ላይ ወጥቶ ስለ ራሱ እስኪመሰክር ድረስ ለታሪኩ ምንም አትክፈሉ። ከዚህ በታች የማስረዳው አሠራር በሙሉ የተመሠረተው በዚህ ላይ ነው።

በዚህ አካባቢ የድሮ ብር የበዛው ያለ ምክንያት አይደለም። ሐረር ከዘይላ ወደብ የሚመጣው የግመል ቅፍለት መድረሻ ነበረች። ቡናው፣ ቆዳውና የዝሆን ጥርሱ ወደ ባሕር ሲወርድ ጠገራው (የማርያ ትሬዛ ብር) ወደ ደጋው ይወጣ ነበር። በ1895 ዓ.ም. ባቡሩ ከጅቡቲ ተነሥቶ ድሬዳዋ ሲደርስ ንግዱም አብሮ ወደ ቆላው ወረደ፤ የአቢሲኒያ ባንክ በሁለቱም ከተሞች ቅርንጫፍ ነበረው። የሕንድ፣ የዓረብ፣ የግሪክና የአርመን ነጋዴዎች በሁለቱም ከተሞች ሱቅ ከፍተው ኖረዋል። ስለዚህ ከአንድ የቆየ ሣጥን ውስጥ ጠገራ፣ የምኒልክ ብርና የሕንድ ሩፒ አብረው ቢወጡ የሚያስገርም አይደለም።

ይዛችሁ የምትወጡት መሣሪያ

ዋናው የግራምን መቶኛ የሚያነብ የኪስ ዲጂታል ሚዛን ነው፤ ወርቅ ቤቶች የሚጠቀሙበት ዓይነት። እስከ 200 ግራም የሚመዝን ቢሆን የተሻለ ነው፤ ምክንያቱ ወደ ታች ስለ ውሃው ፈተና ስነግራችሁ ይገባችኋል። ከእሱ ጋር አሥር እጥፍ የሚያጎላ አጉሊ መነጽር፣ ስፋት የሚለካ ካሊፐር፣ ቀጭን ክርና ጠንካራ ማግኔት ያዙ። የተበላሸ የኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ብትፈቱ ውስጡ ያለው ማግኔት ለዚህ ሥራ ከበቂ በላይ ነው። ማስታወሻ ደብተርም አትርሱ።

አሲድና የወርቅ መፈተኛ ድንጋይ አያስፈልጓችሁም። አንጥረኛ ቤት ይዘው ቢያቀርቡላችሁ እንኳ ለሳንቲም አትፍቀዱ። ድንጋዩ ላይ የተፋቀ ሳንቲም ጭረቱ ለዘላለም ይቀርበታል፤ ዋጋውም በዚያው ይወድቃል።

አንደኛ፦ ሳንቲሙን ለዩት

በብዛት የምታገኙት ጠገራ፣ ማለትም ማርያ ትሬዛ ነው። በአንድ ፊቱ የኦስትሪያዋ ንግሥት ምስል አለ፤ ፀጉሯ ላይ ሻሽና የሉል ጌጥ፣ ትከሻዋ ላይ ደግሞ በሉል የተከበበ የልብስ ጌጥ ይታያል። ከምስሏ ሥር ኤስ እና ኤፍ የተባሉ የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። ጀርባው ባለ ሁለት ራስ ንስር ነው። የድሮ ነጋዴዎች የትከሻዋን ጌጥ ሉሎች እየቆጠሩ ይቀበሉ ነበር፤ ዘጠኝ መሆን አለባቸው። ዛሬም መቁጠሩ ይጠቅማል፤ ሉሎቹ ጠፍተው ወይም ተድበስብሰው ከሆነ ሳንቲሙ ወይ በጣም አልቋል ወይ በመጥፎ ቅርጽ የተሠራ ነው።

ስለ ማርያ ትሬዛ ብዙ ሰው የሚታለልበት ነገር ዓመተ ምሕረቱ ነው። ሁሉም ላይ 1780 ተብሎ ተጽፏል። ንግሥቲቱ የሞተችው በዚያው ዓመት እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ የተመታው ሁሉ ያንኑ ቁጥር እንደያዘ ቀጠለ። ቪየና ብቻዋን አልነበረችም፤ እ.ኤ.አ. በ1935 ሙሶሊኒ ኢትዮጵያን ለመውረር ሲዘጋጅ የቅርጹን መሣሪያ ወደ ሮም አስወስዶ አስመትቷል፤ ለንደን፣ ፓሪስ፣ ብራስልስና ቦምቤይም ተከትለው መትተዋል። የቪየናው ማምረቻ ዛሬም ይመታዋል። ስለዚህ «1780 ይላል፣ ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ነው» የሚለው ክርክር ምንም አያረጋግጥም። በእውነት በ1780 የተመታ አለ፤ እሱን መለየት ግን የንስሩን ላባና የጌጡን ቅርጽ ዝርዝር የሚያጠና የባለሙያ ሥራ ነው። ሱቅ ውስጥ ቆማችሁ የድሮው ነው ብላችሁ ዋጋ አትጨምሩ።

እኔ ከሁሉ የማስቀድመው የምኒልክን ብር ነው። ፓሪስ የተመታ ሲሆን በአንድ ፊቱ ዘውድ የደፉት ንጉሠ ነገሥት፣ በሌላው ባንዲራ የያዘው አንበሳ አለ። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ስለተጻፈ ማንበብ ልመዱ፦ ፲፰፻፹፯ ማለት 1887፣ ፲፰፻፹፱ ማለት 1889፣ ፲፰፻፺፪ ማለት 1892፣ ፲፰፻፺፭ ማለት 1895 ነው። ሁሉም በእኛ አቆጣጠር ነው። አንበሳው ያነሣው እግር የግራ የሆነበትም የቀኝ የሆነበትም ቅርጽ ስላለ ያንንም መዝግቡ፤ ሰብሳቢዎች እንደ ሁለት ዓይነት ነው የሚቆጥሩት። ከብሩ በታች አላድ (ግማሽ ብር)፣ ሩብ፣ ተሙን (የብር ስምንተኛ) እና ትንሿ ግርሽ አሉ። ፲፰፻፺፭ የሚል ግርሽ በሚሊዮኖች ስለተመታ በየቦታው ይገኛል። ያ ዓመት ባቡሩ ድሬዳዋ የገባበት ስለሆነ ለዚህ ከተማ ሰው ከርካሽነቱ በላይ ትርጉም አለው፤ ስብስብ ለሚጀምር ልጅም ጥሩ መነሻ ነው።

ቀጥሎ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ 50 ሳንቲም ይመጣል፤ ፲፱፻፴፮ (1936) ይላል፣ ፊላደልፊያ የተመታ ነው፣ ሽልንግ ሲባልም ሰምታችሁ ይሆናል። ከብር የተሠራው የዚያ ተከታታይ ገንዘብ ይህ ብቻ ነው፤ የቀሩት ሳንቲሞች መዳብ ናቸው። በ1923 የተመቱት ማቶኛ የተባሉት ሳንቲሞችም ኒኬልና መዳብ እንጂ ብር አይደሉም። አንዳንድ ሻጭ ሁለቱንም «የጃንሆይ ብር» እያለ ይሸጣል፤ የኒኬሉ ነገር በማግኔት ይለያል።

ጣሊያን ጠገራን ለማስመሰል የመታቸውም አሉ። የንጉሥ ኡምቤርቶ ምስል ያለበት የኤርትራ ታሌሮ እ.ኤ.አ. በ1891 እና በ1896 ተመቷል፤ በ1918 ደግሞ ማርያ ትሬዛን የምትመስል ሴት ያለችበት ሌላ ተመቷል። ሕዝባችን ሁለቱንም አልወደዳቸውም ነበር። ዛሬ ግን በገበያው በቁጥር ከጠገራ ያነሱ ስለሆኑ ሰብሳቢ ይፈልጋቸዋል፤ «ይህ የተበላሸ ጠገራ ነው» ተብሎ በርካሽ ከተጣለ ቦታ ልታገኟቸው ትችላላችሁ።

የሐረር አሚሮች የመቱት መሐለቅ የተባለው ሳንቲም ለብቻው የሚጠና ዓለም ነው። ትንሽና ስስ ነው፣ የዓረብኛ ጽሑፍ አለበት፣ ዋጋውም በብሩ መጠን አይለካም። ከመግዛታችሁ በፊት ጁጎል ውስጥ ያለውን የሸሪፍ ሙዚየም ጎብኙና እውነተኛውን በዓይናችሁ እዩ።

ሁለተኛ፦ መዝኑ፣ ለኩ፣ ውሃ ውስጥ አንጠልጥሉ

አዲስ በነበሩ ጊዜ የነበራቸው ክብደትና በውስጣቸው ያለው ንጥር ብር ይህ ነው፤ ደብተራችሁ ላይ ገልብጡት።

ማርያ ትሬዛ፦ 28.07 ግራም፣ ከሺህ 833 እጁ ብር፣ ንጥሩ 23.39 ግራም።
የምኒልክ አንድ ብር፦ 28.08 ግራም፣ ከሺህ 835፣ ንጥሩ 23.44 ግራም።
አላድ፦ 14.04 ግራም፣ ንጥሩ 11.72። ሩብ፦ 7.02 ግራም፣ ንጥሩ 5.86።
ተሙን፦ 3.51 ግራም፣ ንጥሩ 2.93። ግርሽ፦ 1.40 ግራም፣ ንጥሩ 1.17።
የ1936ቱ 50 ሳንቲም፦ 7.03 ግራም፤ መጀመሪያ ከሺህ 800፣ በኋላ 700። ንጥሩ 5.62 ወይም 4.92።
የኤርትራ ታሌሮ (የኡምቤርቶው)፦ 28.13 ግራም፣ ከሺህ 800፣ ንጥሩ 22.5።
የሕንድ ሩፒ (የቪክቶሪያ)፦ 11.66 ግራም፣ ከሺህ 917፣ ንጥሩ 10.69።

ያለቀ ሳንቲም ይቀልላል፤ ለዓመታት እጅ የቀያየረ ጠገራ 27.6 ግራም ቢመዝን ተፈጥሯዊ ነው። 26 ግራም የሚመዝን ግን ጠርዙ ተፍቋል ወይም ብር አይደለም። ከተመደበው ክብደት የበለጠ ከሆነ ደግሞ ይበልጥ ተጠራጠሩ፤ ከብየዳ የቀረ ነገር ካልተለጠፈበት በቀር ሳንቲም በዕድሜው አይከብድም። የጠገራና የምኒልክ ብር ስፋት ወደ 40 ሚሊ ሜትር ነው።

ክብደትና ስፋት ትክክል ሆኖ ሳለ ሐሰተኛ የሚሆን አለ፤ እንዲህ ያለው ውፍረቱ ይጨምራል። እሱን የሚያጋልጠው የውሃው ፈተና ነው። መጀመሪያ ሳንቲሙን በደረቁ መዝኑና ጻፉ። ውሃ ያለበት ትንሽ ብርጭቆ ሚዛኑ ላይ አስቀምጡና ሚዛኑን ወደ ዜሮ መልሱት። ሳንቲሙን በክር አስራችሁ ሙሉ በሙሉ ውሃው ውስጥ እንዲገባ፣ ግን የብርጭቆውን ታችም ጎንም እንዳይነካ አንጠልጥሉት። የአየር አረፋ ከተጣበቀበት አራግፉለት። አሁን ሚዛኑ የሚያሳየውን ቁጥር ያዙ። የደረቁን ክብደት ለዚህ ቁጥር ስታካፍሉ በጠገራና በምኒልክ ብር ወደ 10.2 መምጣት አለበት። ባለ 28.07 ግራሙ ጠገራ ውሃው ውስጥ ወደ 2.75 ያሳያል ማለት ነው። መዳብና ኒኬል ተቀላቅሎ የተሠራ ሐሰተኛ ግን በዚያው ክብደት 3.15 ያህል ያሳያል፤ በብር የተለበጠ ናስ ደግሞ ከዚያም ያልፋል።

ይህ ፈተና ለአላድና ለሩብም ይሠራል። ለግርሽ ግን አይሆንም፤ ቁጥሩ በጣም ስለሚያንስ ሚዛኑ ይሳሳታል። በ50 ሳንቲሙም ላይ የ800ውን ከ700ው አይለይላችሁም፤ ስለዚህ ሁልጊዜ በዝቅተኛው አስላችሁ ግዙ።

ማግኔቱ አጭር ሥራ ነው። ብር አይሳብም። ሳንቲሙን አዘንብላችሁ ማግኔቱን ብታንሸራትቱበት ግን አንድ የሚይዘው ነገር ያለ ይመስል ቀስ ብሎ ይወርዳል። በናስ ላይ ፈጥኖ ይንሸራተታል፤ በኒኬል ላይ ደግሞ ይጣበቃል።

ሦስተኛ፦ ጠርዙንና ገጹን በመነጽር እዩ

ሰው ፊቱን ያያል፤ ሐሰተኛ ሠሪም የሚደክመው ለፊቱ ነው። እናንተ ከጠርዙ ጀምሩ። በማርያ ትሬዛ ጠርዝ ላይ ዙሪያውን «ፍትሕና ርኅራኄ» የሚል ትርጉም ያለው የላቲን ጽሑፍ ከጌጥ ጋር ጎልቶ ወጥቷል። ጽሑፉ የሌለው፣ ወይም በመሐል ዙሪያውን የሚሄድ የመገጣጠሚያ መስመር ያለበት ጠገራ በቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ነው። ከዚያ ገጹን እዩ፦ የተመታ ሳንቲም ሜዳው ልሙጥ፣ ፊደሉ ጥርት ያለ ነው፤ የፈሰሰ ሳንቲም ሜዳው ላይ የመርፌ ጫፍ የሚያህሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ፣ የፊደሎቹም ጥግ የቀለጠ ይመስላል። በምኒልክ ብር ላይ በተለይ የግዕዙን ጽሑፍ አንብቡ። ግዕዝ የማያውቅ ሠሪ ፊደል ያዛባል፣ ቁጥር ይገለብጣል። ይህን ለመያዝ ከየትኛውም የውጭ ሀገር ሰብሳቢ ይልቅ እናንተ ትቀርባላችሁ፤ ማንበብ የምትችሉት እናንተ ናችሁና።

አራተኛ፦ የአያያዙን ደረጃ ፍረዱ

ሁለት የምኒልክ ብሮች በክብደት እኩል ሆነው በዋጋ በብዙ እጥፍ ሊለያዩ ይችላሉ። ልዩነቱን የሚያመጣው ማለቁ ነው። ጎልተው የወጡ ቦታዎች ቀድመው ያልቃሉ፦ በምኒልክ ላይ የዘውዱ ዝርዝርና ጉንጩ፣ በአንበሳው ላይ ጎፈሩና ፊቱ፣ በማርያ ትሬዛ ላይ ከጆሮዋ በላይ ያለው ፀጉር፣ በንስሩ ላይ ደረቱ። የአንበሳው ጎፈር ፀጉር በፀጉር የሚለይበት ሳንቲም ካገኛችሁ በጥንቃቄ ያዙት።

በእኛ አካባቢ ከሁሉም የበለጠ የሚያጋጥመው ጉዳት የጌጥ ምልክት ነው። ጠገራ ለአንገት ሐብል ይበሳል፣ ወይም ጆሮ ይበየድለታል። የተበሳና የተበየደ ሳንቲም እንደ ሳንቲም ሲገመት ከብሩ ዋጋ ብዙም አያልፍም። ቀዳዳው በብር ተደፍኖ የተሸጠላችሁም ይኖራል፤ በመነጽር ስታዩት የቀለም ልዩነቱና የተቋረጠው ፊደል ያስታውቃል። ሐብሉ ግን ሙሉ ሆኖ ሲገኝ ሌላ ጉዳይ ነው። የድሮ እጅ የሠራው ጌጥ በራሱ ዋጋ አለው፤ ሳንቲሙን ለማውጣት ሐብል መፍታት አጥፊ ሥራ ነው፤ ባለቤቱ እንዲፈታው የሚጠይቅ ሰብሳቢንም እቃወማለሁ።

ስለ ማጽዳት፦ አታጽዱ። በአመድ፣ በሎሚ፣ በጥርስ ሳሙና የተፈተገ ብር ለዓይን ያብረቀርቃል፣ ለሰብሳቢ ግን ቆዳው ተገፏል። በዘመን ብዛት የመጣው ጥቁርና ግራጫ ጥላ የሳንቲሙ ማስረጃ ነው። ጭቃ ካለበት ለብ ባለ ውሃና በጥቂት ለስላሳ ሳሙና አስነክራችሁ፣ አጥባችሁ፣ ሳታሹ በጥጥ ጨርቅ ተጭናችሁ አድርቁ። ከዚያ አትለፉ።

አምስተኛ፦ ዋጋውን አስሉ

መጀመሪያ ወለሉን እወቁ፤ ወለል ማለት ሳንቲሙ ቀልጦ ብር ቢሆን የሚያወጣው ነው። በዓለም ገበያ ብር የሚሸጠው በትሮይ አውንስ ሲሆን አንዱ 31.10 ግራም ነው። ሳንቲሙ ያለውን ንጥር ብር በ31.10 አካፍሉ፣ በዕለቱ ዋጋ አባዙ፣ ከዚያ በባንክ ምንዛሪ ወደ ብር ቀይሩ። ለምሳሌ አንድ አውንስ 30 ዶላር ነው ብለን እናስብ። ጠገራው 23.39 ግራም ንጥር አለው፤ ለ31.10 ሲካፈል 0.752 ይሆናል፤ በ30 ሲባዛ 22.56 ዶላር ነው። ሳንቲሙ ካለቀ የመዘናችሁትን ክብደት በ0.833 አባዙና ንጥሩን እንደገና አውጡ፤ 27.60 ግራም ከሆነ 22.99 ግራም ንጥር አለው። የአንጥረኛ ቤት ግዢ ከዚህ ዝቅ ይላል፤ ማቅለጫውና ብክነቱ አለበትና።

ከወለሉ በላይ የሚጨመረው በሁለት ነገር ይወሰናል፦ ምን ያህል እንደሚገኝና ምን ያህል እንደተጠበቀ። ተራ የማርያ ትሬዛ ድግም ምት (ከ1780 በኋላ በዚያው ቁጥር የተመታው) ከወለሉ ትንሽ ብቻ ነው የሚበልጠው። የምኒልክ ብር፣ በተለይ ያላለቀው፣ ከወለሉ ርቆ ይሄዳል፤ የ1887ቱ ከ1889ኙ ይበልጥ አስቸጋሪ ነው። ዋጋ ስታነጻጽሩ ሻጭ የጠየቀውን አትመልከቱ፤ በጨረታ ተሸጦ ያለቀበትን ፈልጉ። ማንም ሰው ማርያ ትሬዛን በመቶ ሺህ ብር ለሽያጭ ማቅረብ ይችላል፤ ገዢ መገኘቱ ሌላ ነው።

አሁን ወደ ታሪኩ ተመለሱ። «ከራስ መኰንን ቤት» የተባለው ሳንቲም የድሮ ፎቶግራፍ፣ ደብዳቤ ወይም የውርስ ወረቀት ካለው ታሪኩ ዋጋ ይጨምራል፤ ወረቀቱንም አብራችሁ ግዙ። ወረቀት ከሌለው በአክብሮት አዳምጡ፣ ደብተር ላይ «ሻጩ እንዳሉት» ብላችሁ ጻፉ፣ የሚከፈለው ግን በሚዛንና በመነጽር በታየው ብቻ ይሁን።

ስድስተኛ፦ አገዛዝና አያያዝ

ጠዋት ሂዱ፤ የድሬዳዋ ቀትር ለሰውም ለትዕግሥትም አይመችም፣ ሳንቲም ደግሞ በፀሐይ ብርሃን እንጂ በሱቅ አምፖል አይታይም። ሚዛናችሁን ስታወጡ ሻጩ ፊት አድርጉት፣ ቁጥሩን አብረው ይዩ። እዚህ ከተማ ደግማችሁ ደጋግማችሁ የምትገዙት ከዚያው ሰው ስለሆነ እምነት ከአንድ ቅናሽ ይበልጣል።

አንድ ነገር ላይ ግን ጠንካራ ነኝ። ችግር የገጠማቸው እናት የምኒልክ ብር ይዘው አንጥረኛ ቤት ደጃፍ ቢያጋጥሟችሁ «እማማ፣ ይህ ከሚቀልጥበት ዋጋ በላይ ያወጣል፤ ቢሸጡት እንኳ እንዲህ ባለ ዋጋ ይሽጡት» ብላችሁ ቁጥሩን ንገሯቸው። በዝምታ የሚገኝ ትርፍ አለ፤ ነገር ግን የቀለጠ የምኒልክ ብር አይመለስም፣ የተታለለች እናትም ልጆቿ ሌላውን ሳንቲም ለእናንተ እንዳያመጡ ትነግራቸዋለች።

ቤት ስትገቡ እያንዳንዱን በወረቀት ፖስታ ለየብቻ አድርጉ። የሚለጠጥ ለስላሳ ፕላስቲክ ከጊዜ በኋላ አረንጓዴ ቅባት ይተፋበታል፤ ላስቲክና ሱፍ ደግሞ ብር ያጠቁራሉ። በጠርዙ ያዙት እንጂ ገጹን በጣት አትንኩ። በፖስታው ላይ ክብደቱን፣ የውሃውን ቁጥር፣ የተገዛበትን ቀንና ዋጋ ጻፉ።

ሰባተኛ፦ ሕጉ

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስን ያለ ፈቃድ ከሀገር ማውጣትን ይከለክላል። የድሮ ሳንቲም ይዛችሁ በድሬዳዋ አየር ማረፊያም ሆነ በጅቡቲ መስመር ልትወጡ ካሰባችሁ፣ ወይም ውጭ ላለ ዘመድ ልትልኩ ከፈለጋችሁ፣ አስቀድማችሁ የቅርስ ባለሥልጣኑን ፈቃድ ጠይቁ።

ከመሬት የተቆፈረ ሳንቲም የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ከድሬዳዋ ብዙም በማይርቀው በሐርላ የተካሄደው የአርኪዮሎጂ ቁፋሮ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከግብፅ የመጡ የብርና የነሐስ ሳንቲሞችን አግኝቷል፤ ከሐረር አሚሮች በብዙ መቶ ዓመታት የሚቀድም ንግድ ማስረጃ ናቸው። እንዲህ ያለ ሳንቲም ከተቀበረበት ቦታና ከጎኑ ካለው ሸክላ ከተለየ ለሳይንስ የሚናገረው ነገር በአብዛኛው ይጠፋል። አፈር ያልለቀቀው ዓረብኛ ጽሑፍ ያለው ትንሽ ሳንቲም ሊሸጥላችሁ የመጣ ገበሬ ካለ አትግዙት። የት እንዳገኘው ጠይቁት፤ ቀሪውን እንዳይቆፍር ለምኑት፤ ቦታውንም ለድሬዳዋ ወይም ለሐረሪ ክልል የባህልና ቱሪዝም ቢሮ እንዲያሳውቅ አብራችሁት ሂዱ።